አንድ ሮቶ ለሁለት ገዢ፦ ኮንከረንሲ የተማርኩበት የሁለት ወር ማስታወሻ

ኅዳር 2

ኮርሱን ዛሬ ጀመርኩ። ኦንላይን ነው፤ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ትምህርቱ ኮንከረንት ፕሮግራሚንግ፣ ቋንቋው ጎ። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲካሄድ አንዱ የሌላውን እንዳያበላሽ ፕሮግራሙ እንዴት ይጻፋል? ነገሩ ይኸው ነው።

ለምን እንደጀመርኩ ጽፌ ላስቀምጠው። እናቴ ደሴ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። አጎቴ ኮምቦልቻ ሌላ ሱቅ አላቸው። ንግዱ የጋራ ነው። ሮቶው፣ ቆርቆሮው፣ ፌሮው ደሴ መጋዘን ይቀመጣል። ሚስማር፣ ቀለም፣ ሶኬት በሁለቱም ሱቅ አለ፤ አንዱ ጋ ሲያልቅ ከሌላው ይላካል። ደብተሩ እናቴ እጅ ነው። አጎቴ ገዢ ሲመጣ ይደውላሉ። «እታለም፣ ባለ ሁለት ሺው ሮቶ አለ?» እናቴ ደብተሩን ገልጣ ታያለች። «አለ።»

ጥቅምት ላይ አንድ ሮቶ ብቻ ቀርቶ ነበር። አጎቴ ደወሉ፣ «አለ» ተባሉ። እሳቸው ከገዢው ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ፣ እዚህ ሌላ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ሮቶውን አስጭኖ ሄደ። ከ20 ደቂቃ በኋላ አጎቴም ሸጡ። ገዢው መኪና ተከራይቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መጣ። ሮቶ የለም። ሰውዬው ጮኾ ቢሄድ ይሻል ነበር። ዝም ብሎ ባዶውን ቦታ አየና ተመለሰ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እኔን የከነከነኝ ማንም አለመሳሳቱ ነው። እናቴ «አለ» ስትል ነበረ። አጎቴም የሸጡት ጠይቀው ነው። ታዲያ ስህተቱ የት ነው? ፕሮግራም መጻፍ እችላለሁ፤ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ግን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ የሚሄድ ነው። ይህን ጥያቄ አይመልስልኝም። ስለዚህ የኮርሱን ልምምድ ሁሉ በዚሁ ሱቅ ላይ እየሠራሁ ልማር ብዬ ወሰንኩ።

ኅዳር 5

የመጀመሪያው ሳምንት ቪዲዮዎች አለቁ። ሌሊት አወርዳቸውና ቀን ሱቅ ውስጥ አያቸዋለሁ።

ኮንከረንሲና ፓራለሊዝም አንድ አይደሉም ይላል አስተማሪው። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ አልገባኝም። የገባኝ እናቴን ቁጭ ብዬ ሳይ ነው። ለአንዱ መልስ ትቆጥራለች። ቆጥራ ሳትጨርስ ለሌላው የቀለም ዋጋ ትነግራለች። ሦስተኛው ሚስማር እስኪመዘንለት ቆሟል። ሦስት ሽያጭ ተጀምሯል፣ አንዱም አላለቀም፣ ሻጯ ግን አንድ ናት። ይህ ኮንከረንሲ ነው። እኔ ገብቼ ሳግዛትና ሁለታችንም በአንድ ቅጽበት ስንሸጥ ፓራለል ሆነ። አንደኛው የሥራው አደራደር ነው፤ ሌላኛው የእጅ ብዛት።

ጎ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ለሕዝብ የወጣው። የጀመሩት ሮበርት ግሪስመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምሰን ናቸው፤ ሦስቱም ያኔ ጉግል ይሠሩ ነበር። ኮንከረንሲን ከመጀመሪያው ቋንቋው ውስጥ አስገቡት። አንድን ሥራ «አንተ ለብቻህ ሂድ» ለማለት ከፊቱ «ጎ» የምትለውን ቃል ማስቀደም ይበቃል። እንዲህ የተለቀቀ ሥራ ጎሩቲን ይባላል። አንዱ ጎሩቲን ሲነሣ 2 ኪሎባይት ገደማ ሜሞሪ ቢወስድ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፔ ላይ አሥር ሺህ ለቀቅኩ። ምንም አልመሰላትም።

ኅዳር 8

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ በወረቀት ሠራሁ። ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ማን ምን እንዳደረገ በየመስመሩ፣ ከላይ ወደ ታች በሰዓቱ ቅደም ተከተል። የሮቶውን ቀን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩትና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ኅዳር 11

የመጀመሪያው ደህና ሙከራ። 1000 ሮቶ አለ እንበል። 1000 ገዢ ይመጣል። እያንዳንዱ ገዢ አንድ ጎሩቲን ነው፣ ከቁጥሩ ላይ አንድ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ዜሮ መቅረት አለበት።

መጀመሪያ 1000 ቀረ። አንድም ሰው አልገዛም። ዋናው ፕሮግራም ገዢዎቹን ለቅቆ፣ ሳይጠብቃቸው ስለወጣ ነው። ዋናው ካለቀ የተለቀቁትም አብረው ይቋረጣሉ። ለዚህ ዌይትግሩፕ የሚባል ቆጣሪ አለ። ስንት ሰው እንደተላከ ይይዛል፣ ሁሉም እስኪጨርሱ ያስጠብቃል። የሚመዘገበው ግን ጎሩቲኑ ከመለቀቁ በፊት መሆን አለበት። ጎሩቲኑ ራሱ ገብቶ ይመዝገብ ከተባለ፣ ገና ሳይመዘገብ «ሁሉም ጨርሰዋል» ሊባል ይችላል።

አስተካክዬ አስኬድኩት። 41 ቀረ። ደገምኩ። 17። ደገምኩ። 63። ከዚያ ዜሮ። ከዚያ 28። ኮዱን አልነካሁትም። ያው ኮድ፣ ያው ላፕቶፕ፣ በየጊዜው ሌላ መልስ። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክንያቱ ይህ ነው። «አንድ ቀንስ» ስንለው አንድ ሥራ ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው፦ ቁጥሩን አንብብ፣ አንድ ቀንስ፣ መልሰህ ጻፍ። ሁለት ሰው አንድ ደብተር አብረው ቢያዩና ሁለቱም 10 ቢያነቡ፣ ሁለቱም 9 ብለው ይጽፋሉ። የተሸጠው ሁለት፣ ደብተሩ ላይ የጎደለው አንድ። 41 ቀረ ማለት የ41 ሰው ሽያጭ ደብተሩ ላይ የለም ማለት ነው።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው፣ የጦሳ ተራራ አይታይም።

ሽያጩ የት ላይ እንደሚጠፋ ለማየት፣ ከየሽያጩ በፊት «ገዢ እገሌ መጣ» ብሎ እንዲያትም አደረግኩ። ስህተቱ ተሰወረ። አሥር ጊዜ አስኬድኩት፣ አሥሩንም ዜሮ። የማተሚያውን መስመር ሳወጣው ተመልሶ መጣ። ማተም ጊዜ ይወስዳል። ገዢዎቹ እሱን ሲጠብቁ ሳይነካኩ ተራ በተራ ያልፋሉ።

ዛሬ የገባኝ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ አሥር ጊዜ ልክ መምጣት ልክ መሆን አይደለም። ለምን ልክ እንደሆነ በቃል ማስረዳት ካልቻልኩ ልክ አይደለም።

ኅዳር 16

ሎክ። የሙያው ስም ሚውቴክስ ነው። ደብተሩ አንድ እስክሪብቶ ብቻ አለው እንደማለት ነው። እስክሪብቶውን የያዘ ይጽፋል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ የጨረሰ ይመልሳል። የቆየ ሐሳብ ነው። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ብዙ ፕሮግራሞች ሳይጋጩ ተራ የሚጠባበቁበትን መፍትሔ ያሳተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

ሎኩን ጨመርኩ። ዜሮ። መቶ ጊዜ አስኬድኩት፣ ዜሮ። አሁን ለምን እንደሆነም ማስረዳት እችላለሁ።

ከጎ ጋር ሬስ ዲቴክተር (እሽቅድምድም ጠቋሚ) የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ፕሮግራሙ ሲሄድ እየተከታተለ፣ ሁለት ጎሩቲኖች ያለ ሎክ አንድ ቦታ ሲነኩና ቢያንስ አንዱ ሲጽፍ ካየ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገራል። ፕሮግራሙን ከ2 እስከ 20 እጥፍ ሊያዘገየው ይችላል። ለሙከራ ምንም አይደል። ሎክ የሌለበትን የኅዳር 11 ኮድ ሰጠሁት፤ ወዲያው መስመሩን ጠቆመኝ። አንድ ነገር ግን መያዝ አለበት፦ በዚያ ሙከራ ላይ ያልሄደ ኮድ ውስጥ ያለውን ስህተት አያየውም።

ኅዳር 19

ዛሬ ምንም አልጻፍኩም፣ አነበብኩ። ቴራክ-25 የሚባል የካንሰር ጨረር ማከሚያ ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ሕሙማን ላይ ከመጠን በላይ ጨረር ለቀቀ። የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ እኔ በሮቶ የምለማመደው ዓይነት እሽቅድምድም ነው። ማሽኑ ማግኔቶቹን ለማስተካከል 8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ መሐል ባለሙያዋ ያስገባችውን ፈጥና ካረመች፣ ሶፍትዌሩ እርማቱን አያይም። እጇ እየፈጠነ በሄደ ቁጥር አደጋው ቀረበ። ከዚያ በፊት የነበሩት ማሽኖች በሃርድዌር የሚቆልፍ መከላከያ ነበራቸው፤ በዚህኛው ላይ ለሶፍትዌሩ ተተወ።

ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት፣ በፍጥነቷ ምክንያት። ይህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ኅዳር 24

ከጻፍኳቸው ቀናት ሁሉ ይህኛውን እንዳልረሳ እፈልጋለሁ።

ሱቁን በደንብ አድርጌ ጻፍኩት። «ስንት አለ» የሚል አንድ ክፍል፦ ሎክ ይይዛል፣ ቁጥሩን ይመልሳል፣ ይለቃል። «ቀንስ» የሚል ሌላ ክፍል፦ ሎክ ይይዛል፣ ይቀንሳል፣ ይለቃል። ሽያጭ ማለት «ስንት አለ» ብሎ መጠየቅ፣ ከዜሮ በላይ ከሆነ «ቀንስ» ማለት ነው። ሁሉም ነገር በሎክ ተጠብቋል። ሬስ ዲቴክተሩን አስኬድኩት። ጸጥ አለ። አንድም ቅሬታ የለውም።

5 ሮቶ፣ 200 ገዢ። ብዙ ጊዜ ዜሮ ይቀራል። አንዳንዴ ግን ከዜሮ በታች አንድ። አንድ ጊዜ ከዜሮ በታች ሦስት። የሌለ ሮቶ ሸጥኩ ማለት ነው።

ለሁለት ሰዓት ኮዱ ላይ አፈጠጥኩ። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አየሁ። ኮምቦልቻ፦ ጠየቀ፣ አለ። ደሴ፦ ጠየቀ፣ አለ። ደሴ፦ ሸጠ። ኮምቦልቻ፦ ሸጠ። ሠርቼ የጨረስኩት ራሱን ያንን ቀን ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ልክ መልስ አገኘ። እያንዳንዱ ቅነሳ በትክክል ተጻፈ። ክፍተቱ በሁለቱ መሐል ነው፤ እስክሪብቶው ተመልሶ፣ ገና ሳይነሣ ባለችው ጊዜ።

መሐሉ ላይ 10 ሚሊሰከንድ ጨመርኩ፣ ገዢው ገንዘብ የሚቆጥርበት ጊዜ ብዬ። ውጤቱ ከዜሮ በታች 195። ሁለት መቶውም ሰው ጠይቆ «አለ» ተባለ፣ ሁለት መቶውም ገዛ።

ሬስ ዲቴክተሩ ጸጥ ያለው እሱ የሚጠብቀው ሌላ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰው አንድ ገጽ ላይ እንዳይነካካ ይጠብቃል። ትናንት የተነገረህን ይዘህ ዛሬ ብትሸጥ አይመለከተውም። መሣሪያ አይደርስበትም፤ የሱቁን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሚደርስበት።

መፍትሔው ሎክ መጨመር አይደለም። ሁለቱን ክፍሎች ሰርዤ አንድ አደረግኳቸው፦ «ካለ ቀንስና አለ በለኝ፤ ከሌለ የለም በለኝ»። መጠየቁና መውሰዱ በአንድ ሎክ ውስጥ። 10 ሚሊሰከንዱን እንዳለ ተውኩት። አምስት ሰው ገዛ፣ 195 ሰው የለም ተባለ። ሁልጊዜ።

ለእናቴ አሳየኋት። የኮዱን ነገር ባታውቅም ቁጥሩን አየች። «እንግዲያ ወንድሜ ሲደውል እኔ አለ ማለት የለብኝም» አለች። ልክ ናት።

ኅዳር 26

ኮምቦልቻ ወረድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ለብሼው የወጣሁትን ካፖርት ሐረጎን ስንጨርስ አወለቅኩ። አጎቴ ሱቅ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ፣ ስልካቸውን ስቆጥር። ዘጠኝ ጊዜ ደሴ ደወሉ። ዘጠኙም «አለ?» ነው።

«ጋሼ፣ አለ ሲባሉ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«እሸጣለኋ። እንዳለ ለማወቅ መሰለሽ የምደውለው? ልሸጠው ነው።»

«ታዲያ አለ ወይ ከማለት ያዙልኝ ቢሉስ?»

ዝም ብለው አሰቡ። «ያዙልኝ ብዬ ገዢው ሳይገዛ ቢሄድስ? እዚያ እታለም ገዢ ትመልሳለች፣ እዚህ እኔ ባዶ እጄን እቀራለሁ።»

ይህን ኮርሱ ገና አላስተማረኝም። የተያዘ ነገር ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜው ሲያልፍ በራሱ መለቀቅ አለበት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ ያዝ፣ አጽና፣ ልቀቅ።

ታኅሣሥ 4

አሁን እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ቁጥርና የራሱ ሎክ አለው። «ላክ» የሚል ክፍል ጻፍኩ። የላኪውን ሎክ ይይዛል፣ የተቀባዩን ይይዛል፣ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይጨምራል። ሦስት ቀን ያለ ችግር ሠራ። ከኅዳር 12 ወዲህ ይህ ለእኔ ማስረጃ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አሥር ሺህ ጊዜ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አሥር ሺህ ጊዜ፣ ሁለቱም አብረው እንዲሄዱ አደረግኩ።

ቆመ። ጎ ራሱ ጎሩቲኖቹ ሁሉ ተኝተዋል፣ ዴድሎክ ነው ብሎ ፕሮግራሙን ዘጋው።

የሆነው ይህ ነው። አንደኛው የደሴን ሎክ ይዞ የኮምቦልቻን ይጠብቃል። ሁለተኛው የኮምቦልቻን ይዞ የደሴን ይጠብቃል። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ፊት ለፊት ሲገጥሙ፣ ማንም ወደ ኋላ ካልሄደ ማንም አያልፍም። ኮርሱ ይህን በፈላስፎቹ ምሳሌ ነው የሚያስተምረው፦ አምስት ፈላስፎች ክብ ማዕድ ከበው፣ በመሐላቸው አምስት ሹካ፣ ለመብላት ሁለት ሁለት ያስፈልጋል። ሁሉም የግራውን ሹካ ቢያነሡ ሁሉም ይራባሉ። ይህም ከዳይክስትራ የመጣ ጥያቄ ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. ኮፍማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች አብረው መገኘት እንዳለባቸው ጻፉ። ዕቃው ለአንድ ሰው ብቻ የሚያዝ መሆኑ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ፤ ከያዘው ሰው ነጥቆ መውሰድ አለመቻሉ፤ መጠባበቁ ዞሮ መግጠሙ። ከአራቱ አንዱን መስበር ይበቃል።

ታኅሣሥ 5

አራተኛውን ሰበርኩት። የትም ይላክ፣ ሎኮቹ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይያዛሉ፤ በሱቁ ስም ፊደል። «ከ» ከ«ደ» ይቀድማል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ የደሴ፣ ዕቃው ወደየትም ይሂድ። ኮምፒውተሩም የእኛን ፊደል በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚያወዳድረው፣ ተጨማሪ ነገር አልጻፍኩም። አንዱ የኮምቦልቻን ከያዘ ሌላው ደሴን ሳይነካ እዚያው በር ላይ ይጠብቃል። ሃያ ሺሁም ዝውውር አለፈ።

እናቴ ስትሰማ «ደሴ ነበረች እንጂ መቅደም ያለባት» አለች።

ታኅሣሥ 11

አምስተኛው ሳምንት ቻናል ነው፤ ጎሩቲኖች መልእክት የሚቀባበሉበት መስመር። ብሪታንያዊው ቶኒ ሆር በ1978 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሐሳብ የመጣ ነው። ሁሉም አንድ ደብተር ላይ እየተጋፋ ሎክ ከሚጠባበቅ፣ ደብተሩን አንድ ሰው ይያዘው፤ ሌላው መልእክት ይላክለት።

ይህን ሳይ ሳቅኩ፣ ደስ ብሎኝ። ይህች እናቴ ናት! ደብተሩን ሌላ ሰው አይነካም። ትጠየቃለች፣ ትመልሳለች፣ ቀጣዩን ትሰማለች። በጥቅምት የጎደለው የደብተር አያያዟ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ነበር።

ሎኮቹን በሙሉ አወጣኋቸው። «ደብተር ያዥ» የሚል አንድ ጎሩቲን ጻፍኩ። ከቻናሉ መልእክት ያነሣል፣ ይሠራል፣ መልስ ይልካል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ቁጥሮቹን ከእሱ በቀር የሚያይ የለም። መልእክቶቹ ደግሞ «አለ?» አይደሉም፤ ያዝ፣ አጽና፣ ልቀቅ፣ ላክ ናቸው። ኮዱ በግማሽ አጠረ። ሎክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለአንድ ቆጣሪ ሎክ ይቀላል። ለዚህ ሱቅ ግን ይህኛው ለማስረዳት ይቀላል። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 13

ደብተር ያዡ ቆመ፣ ሱቁ ሁሉ ከእሱ ጋር። ጠያቂው መልስ ሲዘገይበት ትቶ ሄዷል። ደብተር ያዡ መልሱን በእጁ ይዞ የሚቀበለው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ማንም አይመጣም። ማስቀመጫ ቦታ የሌለው ቻናል እጅ ለእጅ መቀባበል ነው። ለመልሱ ቻናል አንድ ቦታ ሰጠሁት፣ መልሱን አስቀምጦ እንዲያልፍ። አንዲት ቁጥር ናት የጨመርኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ታኅሣሥ 17

ከእውነተኛ ሰው ጋር ለማገናኘት ቴሌግራም ቦት፣ መልእክት ተቀብሎ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ሠራሁ። አጎቴ ቴሌግራም ይጠቀማሉ፣ አዲስ ነገር መልመድ የለባቸውም። ቦቱ እዚህ ሱቅ፣ ላፕቶፔ ላይ ነው የሚሠራው፤ መልእክት መጥቶ እንደሆነ እየጠየቀ ያመጣል። እያንዳንዱን መልእክት በአንድ ጎሩቲን አስተናግዳለሁ። «ሮቶ 2 ያዝ» ተብሎ ይጻፋል። ቦቱ «ተይዟል፣ ቁጥር 14» ይላል።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ኢንተርኔት ለሦስት ሰዓት ጠፍቶ ተመለሰ። ቴሌግራም ቦት ያልወሰደውን መልእክት እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። ስለዚህ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ መጣ። አጎቴ «ቆርቆሮ 30 ያዝ» ብለው ጽፈው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ «ተወው» ብለው ነበር። ሁለቱ መልእክቶች ሁለት ጎሩቲን ሆኑ፣ «ተወው» ቀድማ ደረሰች። የሚተው ነገር የለም ተባለ። ከኋላዋ «ያዝ» መጣች፣ 30 ቆርቆሮ ተያዘ።

ጎሩቲን ቀድሞ መለቀቁ ቀድሞ መድረሱን አያረጋግጥም። በቪዲዮው ሰምቼዋለሁ፣ ማስታወሻ ላይም ጽፌዋለሁ። ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው። የአንድ ሰው መልእክቶች አሁን በአንድ ጎሩቲን ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። የእናቴና የአጎቴ ግን አይጠባበቁም።

ታኅሣሥ 25

የአጎቴ ጥያቄ፦ «ገዢው ቢሄድስ?» የተያዘ ነገር በ30 ደቂቃ ይለቀቃል አልኩ። ጎ ውስጥ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ይህን አድርግ» የሚል ነገር አለ። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ጎሩቲን ይነሣል። ችግሩም እዚያ ነው። ገዢው በ30ኛው ደቂቃ ላይ ቢከፍል፣ «አጽና» እና «ጊዜው አልቋል» እኩል ይመጣሉ። ሰዓቱ ራሱ ዕቃውን ወደ ቁጥሩ ከመለሰ፣ የተሸጠ ሮቶ እንደገና ለሽያጭ ይቀርባል። ጥቅምት በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ ደብተሩን አይነካም። እሱም እንደማንም መልእክት ይልካል፦ «የቁጥር 14 ጊዜ አልቋል»። ደብተር ያዡ ያያል። ቁጥር 14 ገና ተይዞ ከሆነ ይለቀዋል። ጸንቶ ከሆነ መልእክቱን ይተወዋል። ሰዓቱ ቀድሞ፣ ከዚያ «አጽና» ከመጣ፣ ጊዜው አልፏል ይላል። የትኛው ይቅደም የሚለውን መወሰን አልችልም። የትኛውም ቢቀድም መጨረሻው ልክ እንዲሆን ማድረግ ግን እችላለሁ።

30 ደቂቃውን 30 ሚሊሰከንድ አድርጌ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት አካባቢ እንዲከፍሉ አድርጌ አሥር ሺህ ጊዜ ሞከርኩት። በየመሐሉ የሚፈተሸው እናቴ ማታ ማታ ሱቅ ስትዘጋ የምታደርገው ሒሳብ ነው፦ የተሸጠ፣ የተያዘ፣ የቀረ ሲደመር ከገባው ጋር እኩል ነው? እኩል ነው። አሥር ሺውንም።

ታኅሣሥ 28

የኮርሱን የመጨረሻ ፈተና አለፍኩ። ነገ ገና ነው።

ጥር 2

ሦስተኛ ቀናችን ነው በቦቱ ስንሠራ። መኸሩ ገብቷል፣ ቤት የሚሠራው በዝቷል። እናቴ ደብተሯን አልተወችም፤ ከቦቱ ጎን ለጎን ትጽፋለች። ተይው አላልኳትም። ጠዋት አንድ ሮቶ ቀርቶ አጎቴ ያዙት። ከ10 ደቂቃ በኋላ እዚህ ገዢ መጣ። እናቴ ስልኩን አየችና «አንድ አለ፣ ተይዟል፤ ሻይ እየጠጣህ 20 ደቂቃ ትጠብቀኛለህ?» አለችው። ጠበቀ። ኮምቦልቻ ያለው ገዢ ሳይገዛ ሄደ፣ ሮቶው ተለቀቀ፣ ሻይ የጠጣው ሰው ወሰደው።

ጥር 6

መብራት ሄደ፣ የላፕቶፑ ባትሪም አለቀ። መብራት ሲመጣ ቦቱን አስነሣሁት። ምንም አያውቅም። ሁሉም ነገር ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ተይዘው የነበሩ ሁለት ዕቃዎች፣ የጠዋቱ ሽያጭ፣ ቁጥሩ ሁሉ።

እናቴ ደብተሯን ከፊቴ ዘረጋችው። ሁለቱም የተያዙት አሉበት፣ ከነሰዓታቸው። እሷ እያነበበች እኔ አስገባሁ። ስንጨርስ ድምሩ ከገባው ጋር እኩል መጣ።

ነገ የምጀምረው፦ ደብተር ያዡ ለማንም «ተይዟል» ከማለቱ በፊት መልእክቱን ፋይል ላይ ይጻፍ። ሲነሣ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ ያንብብ። መጀመሪያ መጻፍ፣ ከዚያ መመለስ። እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷም ስትሠራ የምትጽፈው አፏን ከመክፈቷ በፊት ነው።